ሰሚ ፍለጋ፦ የደሴ የግጥም ቅዳሜ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ቦታ ተገኘ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ አለ፤ ከካፌው በላይ ያለው ክፍል ገና አልተጨረሰም። የቤቱ ባለቤት እትዬ «ኮርኒስ እስካስገባ ድረስ ተጠቀሙበት፣ ቡናውን ግን ከኔ ነው የምትጠጡት» አሉን። ኪራይ የለም። እኛም ብዙ ምርጫ የለንም፤ ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ሰሞን ስለሆነ አዳራሹም፣ የድምፅ ዕቃውም፣ የፕላስቲክ ወንበሩም በሙሽሮች ተይዟል። ከአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ እናገኛለን ብለን ደብዳቤ ይዘን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተን ነበር። ደብዳቤው ማህተም ጎደለው ተባለ፤ ማህተሙ ሲመጣ ፈራሚው ስብሰባ ገባ። ተውነው።

ለምን እንደጀመርነው ልጻፍ፣ በኋላ እንዳይረሳ። ደሴ ገጣሚ አይጎድላትም። ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት እስከ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደብተር የታቀፈ ልጅ ሞልቷል። ሰሚ ነው የጠፋው። ባለፈው ዓመት በሄድኩባቸው የግጥም ምሽቶች አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አብዛኛው ተራውን የሚጠብቅ ገጣሚ ነበር። ስሙ እስኪጠራ አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ ግጥሙን ይከልሳል። ይወጣል፣ ያነባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ውልቅ ይላል። የመጨረሻው አንባቢ ለመድረክ መሪውና ገመድ ለሚጠቀልለው ልጅ ነው የሚያነበው።

ስለዚህ የኛ ሥራ አንድ ነው፤ ግጥም የማይጽፍ ሰው አምጥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ። የባጃጅ ሹፌር፣ የሰኞ ገበያ ነጋዴ፣ ጡረተኛ፣ የልብስ ሰፊ። ይህ ሰው ግጥም አይወድም እንዳይባል ያደገው ወሎ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ሲባል የወሎ ስም አብሮ ይነሳል፤ ባቲና አምባሰል ጭራሽ የአገሩ ስሞች ናቸው። የቅኔ ቤት ሲቆጠር ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር የኛው ዋድላ አለ። መንዙማውስ? ሰውየው ግጥም ሲሰማ ነው ያደገው። እኛ ጋ ነው ያልመጣው።

ረቡዕ

ክፍሉን ፈተሽነው። መሐል ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ፤ ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ ሲላተም ቆየ። በሦስት ወገን የተለሰነ ብሎኬት፣ በአንድ ወገን መስታወት ነው፤ ድምፅ የሚውጥ አንድም ነገር የለም። ለዘፈን ቢሆን ግድ የለም። ለግጥም ግን መጥፎ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ሳይሞት ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ሰሚው ከሁለቱም አንዱን አይይዝም።

ሰፈራችን ውስጥ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ የነበሩ ጋሼ አሉ። ወሎ ላሊበላ ኪነት ሲነሳ ዛሬም ዓይናቸው ይበራል፤ ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠ ከዚያ እንደወጣች ለሁሉም ሰው ይናገራሉ፣ ለሚያውቀውም ጭምር። እሳቸውን ይዤ ሄድኩ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ብርድ ልብስ አለ?» አሉ። የደሴ ሰው ብርድ ልብስ አያጣም። ከየቤታችን ሰብስበን የኋላውን ግድግዳ፣ ማለትም ከአንባቢው ፊት ለፊት ያለውን፣ በሚስማርና በሲባጎ አለበስነው። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ከኋላው አየር ሲኖር የበለጠ ይውጣል። እንደገና አጨበጨብኩ። ጸጥ። ልዩነቱን ለማመን ይከብዳል።

ስፒከሩን ደግሞ ከማይኩ ወደ ፊት አወጣነው። ሳውንድ የሚሠራልን ልጅ አንባቢው ራሱን እንዲሰማ ብሎ ከኋላ አስቀምጦት ነበር፤ ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይወስድና ያፏጫል። ጋሼ በጭራሽ ማይክ አያስፈልግም ባይ ናቸው። «ይቺን ለምታክል ክፍል? እኛ ያለማይክ ሜዳ ላይ ነው የሠራነው።» ልጁ ተቀየመ። ማይኩ ቀረ፣ ድምፁ ግን ዝቅ አለ።

ቆርቆሮው መፍትሔ አላገኘም። የበልግ ዝናብ ገና አልለቀቀንም፤ በረዶ ከቀላቀለ ደግሞ ጩኸትም አይሰማም። በማዳበሪያ ከረጢት ከሥር ልንሸፍነው ሞከርን፣ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አያድንም። ዝናብ ሲመጣ ንባብ ቆሞ ቡና ይጠጣል ብለን ወሰንን። ከሰማይ ጋር ማን ይሟገታል?

ዐርብ

ጥሪ። «የግጥም ምሽት» ብለን ብንለጥፍ የሚመጡት እነዚያው ናቸው። ቃሉ ራሱ «ይህ የተማሪዎች ነው» የሚል ይመስላል ለሌላው ሰው። «ቡናና ግጥም፤ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ መልስ መስጠት ይቻላል» ብለን በእጅ ጽፈን ፎቶ ኮፒ አስደረግን። ሰዓቱ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ማታ ቢሆን ያምራል፣ ግን ደሴ ሲመሽ ትበርዳለች፣ ባጃጅም ይጠፋል፤ ሰው ልቡ መሳፈሪያው ላይ እያለ ግጥም አይሰማም። ዐርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ቀረ።

ወረቀቱን የለጠፍነው ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት ቤትና ባጃጅ ውስጥ ነው። አንዱ ሹፌር ከመስታወቱ ጎን ሲለጥፍልኝ «መልስ መስጠት ማለት እንዴት ነው?» አለኝ። አዝማሪ ቤት እንደሚደረገው፣ ከተቀመጥክበት ግጥም መወርወር አልኩት። «ኧረ እንደሱ ከሆነማ እመጣለሁ።»

ከአንድ ሼህ ጋርም ተቀመጥን፤ መንዙማ የሚያወጡ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ መንዙማውን ከግጥሙ መሐል ሊያስገቡት ጓጉተው ነበር። እኔ አልመሰለኝም ነበር፣ ሼሁም አልመሰላቸውም። በቀስታ ነው ያስረዱን፤ መንዙማ ዱአ ነው፣ ሐድራ የሚባል የራሱ መሰባሰቢያ አለው፣ ቁጭ የሚባልበት ሥርዓት አለው፣ ከአንዱ ግጥምና ከሌላው መሐል የሚሰካ ማጣፈጫ አይደለም። ልጆቹ ፊታቸው ወደቀ። «አብሽሩ» አሉ ሼሁ፣ «መጥቼ እሰማለሁ።» ከዚያ ሲያጫውቱን ያሉት ነገር ነው ሥራችንን የቀየረው። ሐድራ ላይ አውጪው ከመጀመሩ በፊት ሰው የሚቀበለውን ያውቀዋል፤ ካላወቀው እንኳ አንዴ ሁለቴ ይባልለትና ይይዘዋል። ከዚያ አውጪው እስከፈለገው ድረስ ይሄዳል፣ ሰውም ያለበትን አያጣም። የኛ ልጆች ግን ለሰሚው ምንም ሳይሰጡት ነው ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረው የሚሮጡት።

ቅዳሜ ማታ

የመጀመሪያው ተደረገ። ሰው መጣ። የፈለግነውን ያህል አይደለም፣ ግን ከገጣሚ ሌላ ሰው ነበር፤ ሹፌሩ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ፣ የካፌው አስተናጋጆች በር ላይ ቆመው ሰሙ፣ ሼሁ ከጋሼ ጎን ተቀመጡ።

እኔ ከኋላ ጥግ ይዤ ግጥሙን ትቼ ሰሚውን አይ ነበር። የትኛው ስንኝ ላይ ስልክ እንደሚወጣ ጻፍኩ። አንድ ነገር ግልጽ ነው። በወል ቤት የተጻፈው፣ ያ 12 ቀለም ሆኖ መሐሉ ላይ 6 በ6 የሚሰበረው፣ ሰው አይጠፋበትም። ጆሮው ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ እንዲህ ያለ ግጥም ሲያነብ ጋሼ ቤት መምቻውን ቀድመውት ጮክ ብለው ጨረሱለት። ልጁ ደንግጦ ቆመ፣ ሰው ሳቀ፣ ጋሼ «ቀጥል እንጂ!» አሉት። እስኪቀጥል ድረስ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ለኔ ግን የቀኑ ምርጥ ነገር እሱ ነው፤ አንድ ሰሚ ከስንኙ ጋር እኩል እየተራመደ እንደነበር የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምልክት ከየት ይመጣል?

ረጃጅም፣ ቤት የማይመቱ ስንኞች ያሉት ግጥም ያነበበችው ተማሪ ላይ ግን ስልኮች ቶሎ ወጡ። ግጥሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቀድሜ በወረቀት አንብቤው ወድጄው ነበር። ወረቀት ላይ ዓይን ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጆሮ መመለሻ የለውም። ሁሉም ሰው ወደ ወል ቤት ይግባ አልልም፣ አንዳንዱ ሐሳብ 12 ቀለም አይበቃውም። ግን እንዲህ ያለው ሁለቴ ይነበብ። ቅኔ ቤት እንኳ ሁለት ስንኝ ብቻ ያለችው ጉባኤ ቃና ስትዘረፍ ተደጋግማ ነው የምትባለው፤ እኛ የሁለት ገጽ ግጥም አንዴ ተነፍሰን እናልፋለን።

ሌላው ጣጣ ስልክ ነው፣ የአንባቢው ስልክ። ማያው ይጠፋል፣ በጣት ይነካካል፣ ዓይን ይወርዳል። አንዱ ልጅ ግጥሙን ሲያጋግለው እናቱ ደወለች። «ግጥም ላይ ነኝ እማ» ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስንኝ ማንም አልሰማም፣ ሁሉም ስለ እናቱ ነው የሚያስበው። ከሚቀጥለው ጀምሮ ወረቀት ወይም በቃል።

እና ደግሞ አንብበው የወጡት ወጡ። ግማሹ ሳያልቅ። ለዚህ መላ ሊኖር ይገባል።

ማክሰኞ

መላውን እትዬ ሰጡን። እሳቸው ቅዳሜ ቡናውን አንዴ አፍልተው በሲኒ አዙረው ነበር። «እኔ ሳልጨርስ ነው ሰው የወጣው» ብለው ተቀይመዋል። «ቡና እንደዚህ ይጠጣል እንዴ? ረከቦቱን እዚያው ልዘርጋ፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን በሥርዓቱ ላውጣ፤ ከበረካ በፊት ማን እንደሚነሳ አያለሁ።»

ነገሩን ስናስበው መርሐ ግብር ማለት ይህ ነው። መድረክ መሪ በየመሐሉ ሰው ለማሳቅ ከሚደክም፣ ቡናው ይምራን። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ ጨዋታ ነው፣ ማንም አያነብም፣ የሙቀጫው ድምፅ ከግጥም ጋር አይጣላም። አቦል ሲቀዳ የመጀመሪያዎቹ ያነባሉ። ከቶና በኋላ ሰው ከወንበሩ ይወረውራል። በረካ ላይ በዕድሜ የገፉት ወይም ቅዳሜ ተራ ያላገኙት። ወሎ ውስጥ ሰው በረካ ሳይጠጣ ተነስቶ ቢወጣ ነውር ነው፤ ያንን ነውር ለግጥሙ አዋስነው። የክብር እንግዳ የሚባል ነገርም ቀረ፤ አንድ ሰው ዘግይቶ እስኪመጣ ጠብቀን ንግግር ካደመጥንማ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ወንበሩንም ፈታነው። በመደዳ ተደርድሮ ፊት ለፊት ሲታይ መማሪያ ክፍል ውስጥ ያለን ይመስላል፤ ሰው የፊቱን ሰው ማጅራት እያየ መልስ አይሰጥም። ግማሽ ክብ አድርገን ከፊት በርጩማ፣ ከኋላ ወንበር አደረግን። መድረክ ብለን ከእንጨት የመታነው ነገር ወጣ፤ አናጢው ተከፍሎታል፣ እንጨቱ ረከቦት ማስቀመጫ ሆኗል።

ሐሙስ፣ ልምምድ

ሼሁ ያሉትን ለመሞከር ነው የተሰበሰብነው። እያንዳንዱ አንባቢ ግጥሙ ውስጥ ሰው የሚቀበላትን አንዲት ጥንድ ስንኝ ይምረጥ፣ ከመጀመሩ በፊት ለሰው ይስጥ። አንዳንዶቹ «ግጥሜን ዘፈን ልታደርጉት ነው» አሉ። ደስ ያላለው አይገደድም ተባለ። ያቺ ረጃጅም ስንኝ የምትጽፈው ተማሪ ግን ሄዳ ስለ ከተማችን ተራራ፣ ስለ ጦሳ፣ ይህችን ይዛ መጣች፦

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ሲወርድ ወደ ማታ፣
ደሴ እንደ እንግዳ መጣች አንኳኩታ።

የቀረው ግጥሟ እንደ ድሮው ረጅም ነው፣ አልቀየረችውም። ጥንዷ እየተመለሰች ስትመጣ ግን ማረፊያ ሆነች። ችግሩ ፍጥነት ነበር፤ እኛ ስንቀበላት እሷ አልፋ ሄዳለች። ጋሼ በእጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ አቆሟት። «ሰው ይተንፍስ፣ አንቺም ተንፍሺ።» ስትዘገይ የራሷ ግጥም ሌላ ሆነ። እሷም ገርሟታል።

ቅዳሜ፣ ሁለተኛው

ዝናብ ልክ በአቦል መጣ። ንባብ ቆመ፣ ቡና ተጠጣ፣ ማንም አልተቆጣም። ካባራ በኋላ ነው የተጀመረው።

የተማሪዋ ተራ ሲደርስ ጥንዷን ሁለቴ ሰጠች። በመጀመሪያው ቅብብል ሰው አፈረ፣ አጉተመተመ። በሁለተኛው ሹፌሮቹ ጮክ አሉ። በሦስተኛው ክፍሉ በሙሉ። ስልክ የያዘ አላየሁም፣ ከአንድ ቪድዮ ከሚቀርጽ ልጅ በቀር፣ እሱም እየቀረጸ ይቀበል ነበር። ስትጨርስ እትዬ ከረከቦቱ ሳይነሱ፣ ጀበናውን እንደያዙ ወረወሩ፦

እንግዳስ ከመጣ ይቀመጥ ይጠጣ፣
በረካ ሳይቀዳ ማን ነው የሚወጣ?

ክፍሉ ተደበላለቀ። በር ላይ ጃኬቱን ለብሶ የነበረ አንድ ገጣሚ ተመልሶ ተቀመጠ። ግጥም ጽፈው እንደማያውቁ ነው እትዬ የሚናገሩት። ልኬቱን ቆጠርኩት፤ 6 በ6 ነው፣ አንድ ቀለም አልጎደለም።

ከቶና በኋላ አንዲት ልጅ ስለ ጥቅምትና ኅዳር 2014 አነበበች፤ ከተማው ተይዞ የነበረበትን ጊዜ። ግጥሙ ውስጥ ጦር የለም፣ ቁልፍ ነው ያለው፤ ቤቱን ቆልፎ በእግሩ ስለወጣ ሰውና ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እየነካካ ስለሄደበት መንገድ። እዚህ ክፍል ውስጥ ያንን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ማንም አልተቀበለም፣ እሷም መቀበያ አልሰጠችም፣ ልክ ነበረች። ስትጨርስ መድረክ መሪያችን ልማድ ሆኖበት «አንዴ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ሊል አፉን ሲከፍት ጋሼ ክንዱን ያዙት። እትዬ ቡና ቀዱ። አንድ አባት «እኔ በኩታበር በኩል ነው የወጣሁት» አሉ፣ ሌላው በየት በኩል እንደወጣ ተናገረ፣ እንደዚያ ሆኖ ቆየ። መርሐ ግብራችን ላይ የሌለ ነገር ነው፣ ረጅም ጊዜም ወሰደ፤ ሁለት ልጆች ሳያነቡ ቀሩ። አልተከፉም። እንደዚህ ያለ ግጥም ሲመጣ ጭብጨባ አይጠየቅም ብለን ወስነናል። ጭብጨባ አንዳንዴ «በቃ ጨርሰናል፣ ሌላ አምጡ» ማለት ነው።

ከቡድናችን አንዱ የተለየ ሐሳብ አለው፣ ልጻፈው። መቀበያና ውርወራ ሲበዛ ልጆቹ ለሰው ጆሮ የሚጣፍጥ ብቻ ይጽፋሉ ይላል። ፍርሃቱ እውነት አለው፤ ሁለት ልጆች ለሳቅ ብቻ የተጻፈ ነገር ይዘው መጥተው ነበር። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲታደም እንደነበር እያነሳ፣ ሰው ከፍሎ ገብቶ በጸጥታ ሲሰማም ያምራል ባይ ነው። አዎ ያምራል። እዚያ ግን ሙዚቃው ለሰሚው ማረፊያ ይሰጠዋል፤ እኛ ጃዝ የለንም፣ ያለን ሰዉ ራሱ ነው።

ሰኞ

ወጪና ቀሪ ሥራ። ለሳውንዱ ልጅ ትራንስፖርት፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለሚስማርና ለሲባጎ የወጣውን ተከፋፍለን ከፍለናል። ቡናውን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ከፍሏል። አንዱ ብርድ ልብስ በሚስማር ተቀዷል፣ የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

መግቢያ እናስከፍል የሚል ሐሳብ መጣ። ያ የባጃጅ ሹፌር እዚያው ነበር፣ ወረቀት ሊወስድ መጥቶ። «ብር ከፍዬ ከገባሁማ ዝም ብዬ ነው የማየው» አለ። «አሁን እኮ ዕዳ አለብኝ፣ እየመጣሁ ግጥም እያሰብኩ ነው የምነዳው።» ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ለማድረግ ተጠይቀናል። እዚያ ሰሚው የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነው፣ በፈረቃ የሚገባና የሚወጣ፤ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ግማሹ ማሽን ላይ ነው፣ ግማሹ ተኝቷል። ያ የኮምቦልቻው ልጅ የፈረቃውን ሰዓት ጠይቆ ይመጣል። እትዬ ረከቦታቸውን አላውስም ብለዋል፤ ራሳቸው ካልሄዱ በቀር።